መሪ የሚፈታው በደቦ ነው

ርዕሱን አይታችሁ ፖለቲካ ልታነቡ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ዛሬ የምንጽፈው ስለ መኪና መሪ ነው። (ስለ ሌላው መሪ የሚጽፍ ሞልቷል። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌ የስፖርት መኪና ያላቸው ወዳጆች አሉን። አብዛኞቹ የያዙት ማዝዳ ሚያታ ነው። ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ሐሳብ ይዞራል። በአንድ ቅዳሜ ተሰብስበን የመኪኖቹን ፓወር ስቲሪንግ በገዛ እጃችን እናውጣ፣ መሪውም ያለ ዘይት እርዳታ በክንድ ብቻ የሚዞር ይሁን ነው የሚባለው።

ሐሳቡ ገና ከመነሳቱ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ‹‹እብድ ናችሁ እንዴ? ለዚህ መካኒክ አለለት›› ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ‹‹ኑ ብቻ! ክሪክ አለን፣ ቢራ አለን፣ ቪዲዮ እያየን እንጨርሰዋለን›› ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር ተጣልተናል። ቀኑ መኖር አለበት እንላለን፤ አሁን በተያዘው አኳኋን ግን መኖር የለበትም። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገን የተሰጠ መልስ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ሚያታ በ1989 ለገበያ የቀረበች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ናት። አንድ ሚሊዮነኛዋ የተሠራችው በ2016 ሲሆን በዓለም ላይ ከየትኛውም ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና በላይ ተሽጣለች። የመጀመሪያው ትውልድ፣ ያ የፊት መብራቱን እንደ ዓይን የሚገልጠውና የሚከድነው፣ ክብደቱ አንድ ቶን አካባቢ ነው። እንዲህ ላለች ቀላል መኪና ፓወር ስቲሪንግ የግድ አይደለም። ማዝዳ ራሱ የመጀመሪያውን ትውልድ ያለ ፓወር ስቲሪንግም ይሸጥ ነበር።

ፓወር ስቲሪንግ እንዴት ነው የሚሠራው? ሞተሩ በቺንጋ አንድ ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓውም ዘይት ይገፋል። መሪውን ስታዞሩ ከዘንጉ ጋር የተያያዘች ቀጭን ብረት ትንሽ ትጠማዘዛለች። መጠማዘዟ ቫልቭ ይከፍታል፤ ዘይቱም ወደ ራኩ (ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ወደሚገፋው ባለ ጥርስ ዘንግ) አንድ ጎን ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። ክንዳችሁ ጥቂት ትሠራለች፣ ዘይቱ ብዙ። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1920ዎቹ ሲለፋበት የነበረ ሐሳብ ነው። በመደበኛ የቤት መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው።

ታዲያ ለምን ይወጣል? አንደኛ፣ መንገዱ ለእጅ ይናገራል። የፊት ጎማ መያዣ ሊያጣ ሲል መሪው ቀለል ሲል ይሰማችኋል። ሁለተኛ፣ ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸው ቱቦዎችና ፖምፓዎች ያፈስሳሉ፤ የሌለ ነገር ደግሞ አያፈስስም። ዋጋም አለው። መኪና ስታቆሙ ክንዳችሁ ይፈተናል፤ ሰፊ ጎማ የገጠመ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይታገላል። ይህን ዋጋ ሳይነግራችሁ ‹‹አውጡት›› የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ፖምፓውን አውጥቶ ሁለቱን የዘይት ቀዳዳዎች በቱቦ ማገናኘት ነው። ርካሽ ነው፤ ሁሉም የሚሮጠው ወደዚህ ነው። ነገር ግን ፒስተኑ ከነማኅተሙ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ያቺ ቀጭን ብረትም መጠማዘዟን አትተውም። ስለዚህ መሪው ይከብዳል እንጂ አይናገርም። ሁለተኛው ራኩን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ የፒስተኑን ማኅተም አውጥቶ፣ የምትጠማዘዘውን ብረት በብየዳ አጽንቶ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ መግጠም ነው። ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው፤ አደገኛውም ይኸው ነው። ሦስተኛው ማዝዳ ራሱ ያለ ዘይት እንዲሠራ የሠራውን ራክ ፈልጎ መግጠም ነው። እሱ ደግሞ መሪውን ብዙ ጊዜ ማዞር ይጠይቃል፤ ማግኘቱም ቀላል አይደለም።

‹‹ለዚህ መካኒክ አለለት››

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን። ይህን የሚሉን ወዳጆቻችን የሚናገሩት ከደግነት እንደሆነ እናውቃለን። ‹‹መሪ ጨዋታ አይደለም›› ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከደግነቱ ሥር ሌላ ነገር ተጋድሟል። ‹‹ተምረህ፣ ቢሮ ገብተህ፣ ስለ ምን እጅህን ዘይት ታስነካለህ?›› የሚለው ነገር። ይህን ነገር እናውቀዋለን። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው።

ብረት የሚቀጠቅጠውን ‹‹ቀጥቃጭ››፣ ሸክላ የምትሠራዋን ‹‹ቡዳ›› እያለ የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን። ነገሩ የከፋ ስለነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድበውን የሚያወግዝ አዋጅ አስነግረዋል። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። መኪናውንና አዋጁን በአንድ ዓመት ተቀበልን። መኪናውን ወደድነው፤ አዋጁን ግን እስከ ዛሬ አልሰማነውም። መኪና የሚነዳ ሰው ይከበራል፤ ከመኪና ሥር የሚወጣ ሰው ግን ልብሱ ይታያል።

የብዙዎቻችን አባቶች በዚህ ከተማ ታክሲ ነድተው ነው ያሳደጉን። የመኪናውን ድምፅ ሰምተው የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ‹‹ያንን ዓይነት ኑሮ እንዳትኖሩ ነው›› ተብለን አደግን። መልካም፤ አልኖርነውም። ግን ከነኑሯቸው እውቀታቸውንም ወረወርነው። በዚያ ቅዳሜ ከሚመጡት ሰዎች ግማሹ ቢያንስ አንድ አባት ወይም አንድ አጎት ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል። ክሪክ የት እንደሚቆም ከቪዲዮ ይልቅ ጋሼ ይነግረናል።

ደግሞም ‹‹መካኒክ አለለት›› የሚሉት ወዳጆቻችን ይህን ሥራ የሚቀበል ጋራዥ ጠይቀው ያውቃሉ? ብዙ ጋራዦች ፋብሪካ የገጠመውን መሪ ለመለወጥ አይፈልጉም። በኃላፊነት መጠየቅ አለና አንፈርድባቸውም። የፌዴራሉም ሕግ በደህንነት ደረጃ መሠረት የተገጠመን ነገር ሆን ብለው ከጥቅም ውጪ እንዳያደርጉ የሚከለክለው በዋናነት አምራቹን፣ ሻጩንና ጋራዡን ነው። ባለቤቱ በገዛ መኪናው ላይ የሚሠራውን በዚህ ሕግ አይከለክልም። ትልቅ ነፃነት ነው። ነገር ግን የነፃነቱን ትርጉም እንወቅ። የሚጠየቀው ጋራዡ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

‹‹ኑ ብቻ፣ እንጨርሰዋለን››

ሁለተኛው ወገን እዚህ ጋ አጨብጭቦልናል ብለን እንገምታለን። አይቸኩል። ከሱ ጋር ያለን ጠብ ይበልጣል።

የዚህ ወገን እቅድ ይህን ይመስላል። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ፣ ስምንት መኪና፣ ሃያ ሰው፣ አንድ ሙሉ የቁልፍ ሳጥን፣ ሁለት ክሪክ፣ ከፍ ያለ ሙዚቃ፣ ፍም ላይ ሥጋ። ሁሉም በየመኪናው ሥር ይገባል፤ ማታ ሁሉም እየነዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያምር ፎቶ ይወጣዋል። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ማታ በ495 ላይ በሰዓት 65 ማይል ስትሄዱ የመሪያችሁን ዘንግ ከራኩ ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን ማን ነው ያጠበቀው? ስሙን ታውቃላችሁ? ያጠበቀው ከስንተኛው ቢራ በኋላ ነው?

ፍሬን ቢደክም ማርሽ አለ፣ የእጅ ፍሬን አለ። ሞተር ቢጠፋ ዳር ትይዛላችሁ። መሪ ቢላቀቅ ግን ሁለተኛ መሪ የለም። ከጎናችሁ በሚሄደው መኪና ውስጥ ያለች እናት ደግሞ ስለ ‹‹መንገድ ስሜት›› ምንም አልጠየቀችም። ነገሩ የኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ‹‹የራሳችሁ ጉዳይ›› ብለን እናልፈው ነበር።

‹‹ምርመራ አለ አይደል?›› የሚል አይጠፋም። በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ ለደህንነት ይመረመራል፤ መሪም ይታያል። በሜሪላንድ ምርመራው ዋናው ጊዜው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። በዲሲ ለግል መኪና የሚደረገው የደህንነት ምርመራ ከ2009 ጀምሮ ቀርቷል። እንግዲህ የዲሲ ልጆች፣ የእናንተን ቡሎን የሚያይላችሁ መንግሥት የለም። የሚያይላችሁ ጓደኛችሁ ነው፤ ጓደኛችሁ ደግሞ ሥጋ እየጠበሰ ነው።

ሌላም አለ። በእንዲህ ዓይነት ቀን ሴቶች ሲመጡ ምን ይሰጣቸዋል? ፎቶ ማንሳት፣ ባትሪ መብራት መያዝ፣ ምሳ ማቅረብ። መኪናው የራሷ የሆነች እህት እንኳ በገዛ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ሦስት ወንዶች ሲከራከሩ ትሰማለች። ይህ ከሆነ ቀኑን ከጅምሩ አንፈልገውም። መኪናዋን ማታ የምትነዳው እሷ ናት፤ ቡሎኗን ልታውቅ የሚገባትም እሷ ናት።

ደቦ ደንብ አለው

ሁለቱም ወገኖች የረሱት አንድ ነገር አለ። ይህ ‹‹በጋራ መሥራት›› ለእኛ አዲስ አይደለም። ደቦ እንለዋለን። አያቶቻችን እርሻ የሚያርሱበት፣ ሰብል የሚያጭዱበት፣ ቤት የሚሠሩበት ደንብ ነው። ደቦ ደግሞ ግርግር አይደለም። የሚጠራው ሰው ይታወቃል፤ የሥራው ቀንና መጠን ይታወቃል፤ ዛሬ ለእገሌ፣ ነገ ለእገሊት ተብሎ ተራ ይያዛል። ደጋሹም ይደግሳል። በአንድ ቀን የሁሉንም ማሳ እናጭዳለን ብሎ የተነሳ ደቦ ግን የለም።

ስለዚህ የመሪ ደቦ ይጠራ። ደንቡ ግን ይህ ይሁን እንላለን።

1. በአንድ ቀን ከሁለት መኪና አይበልጥ። ለጀማሪ አንድ ራክ አውርዶ መልሶ መግጠም ቀን ይፈጃል። ስምንት መኪና ማለት ስምንት ጥድፊያ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መሪ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

2. በዚያ ቀን ብየዳ የለም። ትርፍ ራክ ከሳምንታት በፊት ይገዛ፣ ይፈታ፣ ይጽዳ፤ ብየዳውን በሙያው የሚኖር በያጅ ይሥራው። ጥርስ ያለውንና በሙቀት የጠነከረውን ብረት ያለ ልክ ያጋለ ሰው ብረቱን ያበላሻል። በቅዳሜው የሚሠራው ማውጣትና መግጠም ብቻ ነው። ራኩ ያልተዘጋጀለት ሰው መጥቶ ይይ፣ ይማር፣ ተራውን ይጠብቅ።

3. ዕቃው ቀድሞ ይቆጠር። ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች የፖምፓው ቺንጋ የኤሲውንም ያዞራል። ፖምፓውን አውጥቶ ኤሲውን ማቆየት የሚፈልግ ሰው አጭር ቺንጋ ያስፈልገዋል። ይህን ያላወቀ ሰው በሰኔ ሙቀት ያለ ኤሲ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

4. ማንም ሰው በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም። መኪናው ጠንካራ መሬት ላይ፣ በብረት ቋሚ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ ከመግባት በፊት በእጅ ተገፍቶ ይሞከር። ይህን የጣሰ ሰው የቱንም ያህል ወዳጃችን ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

5. ባትሪው ይነቀል፤ የመሪው መንኰራኩር ቀጥ ብሎ ይታሰር። መሪው ውስጥ የአየር ከረጢት አለ፤ ከሥሩም ከረጢቱን ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኝ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ዘንጉ ተላቆ ሳለ መሪውን ያሽከረከረ ልጅ ያን ሽቦ ይበጥሰዋል።

6. ቴስቲናው (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) በመዶሻ ሳይሆን በማውጫው ይውጣ። ስንት ዙር እንደተፈታ ይቆጠርና ይጻፍ። ኮፒሊያው፣ ማለትም ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ፣ አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይግባ። ዋጋው ሳንቲም ነው፤ የሚጠብቀው ነፍስ ነው።

7. ለእያንዳንዱ መኪና አንድ አጣሪ ይኑር። አጣሪው ቀኑን ሙሉ አንድም ቡሎን አይነካም። በመጨረሻ በጥገና መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥርና ቶርክ ሬንቹን ይዞ እያንዳንዱን ቡሎን ያጠብቃል፣ በቀለም ምልክት ያደርጋል። የሠራ ሰው የራሱን ስህተት አያይም። ባለቤቷ ወይም ባለቤቱ ደግሞ ከአጣሪው ጋር አብሮ ይይ።

8. አጣሪው ‹‹አይሄድም›› ካለ አይሄድም። መኪናው እዚያው ያድራል፤ ባለቤቱ በሰው መኪና ይሸኛል። ይህ ደንብ ከሁሉም ይበልጣል። ‹‹ነገ ሥራ አለኝ›› የሚባል ክርክር የለም። ነገ ሥራ ያለው ሰው ሁለተኛ መኪና ይዞ ይምጣ ወይም ሌላ ቀን ይምረጥ።

9. መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ይነዳ፤ ተመልሶ ቡሎኑ እንደገና ይታይ። ከዚያ አላይመንት ይሠራ። ከአላይመንት በፊት አውራ ጎዳና የለም።

10. የወጣው ዘይት ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ወደሚቀበል ቦታ ይወሰድ እንጂ በጎረቤት ሣር ላይ አይፈስስ። ቢራው ቁልፉ ሳጥን ከገባ በኋላ ይከፈት። በደቦ ጠላ ከሥራ ጋር ይጠጣል እንደምትሉን እናውቃለን። ማጭድ ይዞ የተሳሳተ ሰው የራሱን እግር ነው የሚያገኘው።

በዚህ ደንብ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ያለችውን ሚያታ የያዛችሁ፣ ለናንተ ይህ ደቦ የለም። የናንተ መሪ የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። በቱቦና በቺንጋ ዘመን የተጻፈ ምክር ለናንተ አይሠራም። መጥታችሁ እጅ አግዙ፣ ዳቦ አምጡ፤ የራሳችሁን ግን አትንኩ።

ቦታን በተመለከተም እንናገር። ብዙ የአፓርትመንት ማቆሚያዎች መኪና መፈታታትን በኪራይ ውላቸው ይከለክላሉ። ስለዚህ ‹‹የኛ ግቢ ሰፊ ነው›› የሚለው ሰው መጀመሪያ ውሉን ያንብብ። በጦር ሠራዊት ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በብዙ የጦር ካምፖች ውስጥ ወታደሮች መኪናቸውን በራሳቸው የሚጠግኑባቸው ሊፍት ያላቸው ጋራዦች አሉ፤ ደንቡን ጠይቁልን። ከአስፋልት ላይ ሊፍት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለምን?

‹‹ለአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ይህ ሁሉ ደንብ?›› የሚለን ይኖራል። አዎ። ምክንያቱም ጉዳዩ መሪ ብቻ አይደለም።

እኛ ወጣቶች በሁለት ነገር መካከል ተጨንቀናል። በአንድ በኩል ‹‹አትንካ፣ ባለሙያ አለለት›› እየተባለ ያደገ እጅ አለን። ሲሰበር የሚጥል፣ ሲፈስ የሚደውል እጅ። በሌላ በኩል ደግሞ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ባለሙያ የሆነበት ዘመን ላይ ነን። የመጀመሪያው ፈሪ ያደርገናል፤ ሁለተኛው ደፋር። ሁለቱም አዋቂ አያደርጉንም። አዋቂነት የሚመጣው ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ እጅን አቆሽሾ፣ ‹‹ይህን አላጠበቅኸውም›› ሲባል ሳይቀየሙ ዳግም በማጥበቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደን ይኸኛው ነው። እርስ በርስ ‹‹አይሄድም›› መባባል አንችልም። ይሉኝታ አለብን። የጓደኛችን ዳዶ ልል መሆኑን እያየን ‹‹አይ፣ ምን አለው›› ብለን እናልፋለን። ሊያኮርፍ ይችላላ! ይሉኝታ በሠርግና በለቅሶ ያምራል። በመሪ ላይ ግን ይገድላል። ጓደኛው ፊት ለፊት ‹‹መኪናህ ዛሬ አይነዳም›› ሊለው የማይችል ቡድን መሪ መፍታት የለበትም፤ ክርክራችን በአጭሩ ይህ ነው። ሊለው የሚችል ቡድን ግን ከመሪም በላይ ሌላ ብዙ ነገር ፈትቶ መግጠም ይችላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ወገን፦ ኑ፣ እዩ፣ ፈሪነታችሁንም ይዛችሁ ኑ። ጥሩ አጣሪ የሚወጣው ከፈሪ ነውና ቶርክ ሬንቹን ለናንተ እንሰጣለን። ለሁለተኛው ወገን፦ ድፍረታችሁን እንወዳለን፤ ስምንቱን መኪና ወደ ሁለት፣ ሙዚቃውን ቁልፍ ሲወድቅ ወደሚሰማበት ድምፅ አውርዱልን። ሥጋው ይቆይ፤ ማታ እንበላዋለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ካላበረ ግን አንበሳው ጋ የደረሰው ዝንብ ይዞ ነው።

ተራ መያዝ የምትፈልጉ፣ ራካችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ። አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ይዛችሁ ኑ። ቸር እንሰንብት።